«አልጋህን አንሣ» ያልኩበት ጠዋት

ይህን የምጽፈው ወገቡን ይዞ «ይሄ የሥራ ነው፣ ይለቀኛል» እያለ ለሚቆይ ሰው ነው። እኔም እንዲሁ ስል ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ደግሞም ጠዋት ጠዋት የእግዚአብሔርን ቃል አንብቦ ቀኑን በዚያ ለመዋል ለሚሞክር ሰው ነው። በዚሁ ምክንያት አንድ ስሕተት ሠርቻለሁና እሱ እንዳይደግመው ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስለሆነ ግድፈቱን ያረመችልኝ ልጄ መቅደስ ናት። ነገሩ ግን የራሴ ነው፤ እሷ «ይሄንን እናውጣው አባዬ» ያለችውንም አላወጣሁትም።

ተክሌ እባላለሁ፣ ሾፌሮቹ ጋሽ ተክሌ ይሉኛል። ሰባ አራት ዓመት ሆኖኛል። አዳማ ውስጥ፣ ወደ ወለንጪቲ በሚያወጣው መንገድ ዳር ጎማ ስለጥፍ ነው የኖርኩት፤ ጎሚስታ ነኝ። በሞጆና በጅቡቲ መካከል የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ጎማ ሲተነፍስባቸው እኔ ዘንድ ይቆማሉ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጎማው ይፈታል፣ ውስጡ ያለው ከመነዳሪ ይወጣል፣ አየር ይነፋና ገንዳው ውሃ ውስጥ ይነከራል። አረፋ ያወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። በጠመኔ ምልክት ታደርጋለህ፣ ታደርቃለህ፣ ትለጥፋለህ። አንድ ሕግ ግን አለን። የመጀመሪያውን ቀዳዳ አገኘሁ ብለህ ከመነዳሪውን ከውሃ አታወጣም፤ ሙሉ ዙር ታዞረዋለህ። ሁለተኛ ቀዳዳ ይኖር ይሆናላ። ይህን ለስንት ሰው አስተምሬአለሁ። በራሴ ላይ ሲመጣ ግን ረሳሁት።

በዚያው ጠመኔ ሌላም ነገር እጽፋለሁ። ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ወንጌል አነባለሁ። ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ ስለማነብ ብዙ አልሄድም፤ አንድ ቁራጭ ይበቃኛል። ካነበብኩት ውስጥ ለዕለቱ ሥራ የሚሆነኝን በራሴ አነጋገር ሁለት ሦስት ቃል አድርጌ የቆርቆሮ በሬ ላይ እጽፈዋለሁ። «ዛሬ አትቆጣ።» «ቀድመህ ሰላም በል።» «የደከመውን አስቀምጥ።» የጻፍኩትን ያን ቀን መፈጸም አለብኝ፤ ከራሴ ጋር የተዋዋልኩት ነው። ሾፌሮቹ አውቀውታል፣ በሩን ሳያዩ ከመኪና አይወርዱም። «አትቆጣ» የሚል ካዩ ያን ቀን ሆን ብለው ይነዘንዙኛል።

«ጋሽ ተክሌ፣ ዛሬ አይቆጡም አይደል? እንግዲያው ያንን የኋለኛውን ጎማ ደግመው ይፍቱልኝ፣ ልቤ አላረፈም» ይለኛል አንዱ፣ እየሳቀ።

እፈታዋለሁ። ምን ላድርግ፣ በሩ ላይ ተጽፏል።

ከጎኔ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ሐጂ እንድሪስ ነው። የወሎ ሰው ነው፣ ሠላሳ ዓመት ተጎራብተናል። ሱብሒን፣ የንጋቱን ሶላት፣ ሰግዶ በዚያው ስለሚመጣ ሁልጊዜ ይቀድመኛል። ገና ስደርስ «ዛሬ ምን ታዘዝክ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። አንዳንዴ «እሱማ እኛም ጋ አለ» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ጢሙን እያሻሸ «እሱ ለአንተ ከባድ ነው ተክሌ፣ ቀለል ያለ ፈልግ» ይለኛል።

ሕመሙ የጀመረኝ ከጀርባዬ መካከል፣ ቀበቶ ከሚታሰርበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። የመኪና ማንሻውን ክሪክ ሳነሣ የተቀጨሁ መሰለኝ። ሁሉም ሰው እንደዚያው አለ። ሰባ ዓመት ያለፈው ጎሚስታ ወገቡን አመመኝ ሲል ማን ሌላ ነገር ያስባል? መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። ቅቤ ቀብቶ አሸኝ፣ ጉልበቱንም ጀርባዬ ላይ አድርጎ ተጫነኝ። ሲጫነኝ እንባዬ መጣ። «ገባ» አለኝ። ምን እንደገባ አላወቅሁም፤ አመስግኜ ወጣሁ። ኋላ ትልቁ ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም ይህን ስነግረው ዐይኑን ጨፈነ። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ጀርባ አታስረግጡ። አደራ።

ከዚያ ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ መዋጥ ያዝኩ። ስውጥ ይለቀኛል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። ወደ ማታ ላይ ትኩሳት ትኩሳት ይለኝ ጀመር፤ ጠዋት ስነሣ ከነቴራዬ በላብ ርሷል። አንድ ክሊኒክ ገባሁ፤ ደም ሰጠሁና «ታይፎይድ ነው» ተባልኩ። የታይፎይዱን መድኃኒት ጨረስኩ። ሌላ ክሊኒክ ገባሁ፤ «ኩላሊትዎ ላይ ትንሽ ጠጠር አለ፣ ውሃ ይጠጡ» አሉኝ። ጠጣሁ። የጠጣሁት ውሃ ገንዳዬን ይሞላ ነበር። ሦስተኛው «ነርቭ ነው» ብሎ መርፌ ወጋኝ። ማንንም አልወቅስም። ለሁሉም እኩል የነገርኳቸው ወገቤን ብቻ ነው። ላቡን ለአንዱ፣ ትኩሳቱን ለሌላው ነገርኩ፣ መክሳቴን ለማንም አልነገርኩም። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ያለውን ሁሉ ለአንድ ሰው ንገሩ። ይህን ከእኔ ያዙ።

ባለቤቴ ዘነበች ሱሪዬን በመርፌ ሁለት ጊዜ አጠበበችልኝ። በሦስተኛው ጊዜ መርፌውን አስቀመጠችና «ሱሪውን ሳይሆን አንተን ነው ማስፋት ያለብኝ። ሶደሬ እንሂድ» አለችኝ።

ሄድን። ፍል ውሃው መቼም በረከት ነው። ገብቼ እስከ አንገቴ ስቀመጥ ሕመሙ እንደ ጨው ሟሟ። ዘነበች ከሴቶቹ በኩል፣ እኔ ከወንዶቹ በኩል፣ ሁለት ቀን እንደ ሙሽራ ዋልን። ሦስተኛው ቀን ላይ ከውሃው ስወጣ፣ ደረጃው ላይ፣ ቀኝ እግሬ ታጠፈ። አላመመኝም። ዝም ብሎ የእኔ እንዳልሆነ ሁሉ ታጠፈና ተቀመጥኩ። ሰው አንሥቶ አቆመኝ፣ «አንሸራትቶኝ ነው» አልኩ። አላንሸራተተኝም። ደረጃው ደረቅ ነበር። እዚያ ነው መጀመሪያ የፈራሁት። ሞትን አይደለም፤ በእኔ ዕድሜ ሞት ጎረቤት ነው። የፈራሁት እግሬን ነው። ዘነበች እኔን አንሥታ የምታስቀምጥ፣ የምትገለብጥ ስትሆን ታየኝ። እሷም ሰባ ሊሞላት ነው።

አዳማ ተመልሰን በሁለት ሳምንት ውስጥ በምርኩዝ መሄድ ጀመርኩ። ሱቅ እየሄድኩ እቀመጣለሁ እንጂ አልሠራም። በሩ ላይ ግን እጽፋለሁ። አንድ ቀን «አትጨነቅ» ብዬ ጽፌ በሩን ተደግፌ ስቀመጥ ሐጂ አየኝ። በርጩማውን ስቦ ፊቴ ተቀመጠ።

«ተክሌ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጎማ ይዞ የመጣ ሰው፣ ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ሳትነክር በግምት ትለጥፍለታለህ?»

«አልለጥፍም።»

«ሰውየው 'እዚህ ጋ ይመስለኛል' ቢልህስ?»

«ይምሰለው። እኔ ነክሬ ነው የማየው።»

«አንተን እስካሁን ማን ነከረህ? አራት ሰው በግምት ለጠፈብህ። ተነሥ፣ ነገ ትልቁ ሆስፒታል እወስድሃለሁ። ደግሞ እምቢ እንዳትለኝ። በርህ ላይ 'አትጨነቅ' ብለሃል፣ 'አትታከም' አላልክም።»

በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ወሰደኝ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ያለውን አግዳሚ ወንበር ብትጠይቁኝ ስንጥቁን ሁሉ እነግራችኋለሁ። ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ተቀመጥን። ከጎናችን ከቦሰት ገጠር የመጡ እናት ነበሩ፤ በኦሮምኛ ሲያወሩኝ እኔም በኦሮምኛ መለስኩላቸው። ቆሎ ከመቀነታቸው ፈትተው ለሦስታችን አካፈሉን። እኔ ወንጌሌን በጣቴ እያነበብኩ፣ ሐጂ መቁጠሪያውን እየቆጠረ፣ እሳቸው ለሁለታችንም «አሜን» እያሉ ዋልን። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ወረፋ የለም ብል ታምኑኛላችሁ?

የገባሁበት ሐኪም ወጣት ነው። ወገቤን ሳይሆን መጀመሪያ ፊቴን አየ። «አባባ፣ ማታ ማታ ያልብዎታል?» አለኝ። ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ኤም አር አይ የሚባለውን፣ እንደ ትልቅ ጎማ ያለ ቀዳዳ ውስጥ የሚያስገባውን መሣሪያ አዘዘ። ውስጡ ተኝቼ ሲያንኳኳብኝ «አሁን ነከሩኝ» እያልኩ ብቻዬን ሳቅሁ፤ መሣሪያውን የምታሠራው ልጅ በድምፅ ማጉያ «አባባ አይንቀሳቀሱ» አለችኝ። ከዚያ በመርፌ ከአጥንቱ አካባቢ ፈሳሽ ወስደው መረመሩ።

የሳንባ ነቀርሳ የምንለው፣ ቲቢ፣ የአከርካሪ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ቲቢ አጥንት ውስጥ እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ሐኪሙ በእርሳስ ሥሎ አሳየኝ፦ አጥንቱ ተበልቷል፣ እብጠቱ ወደ እግር የሚወርደውን ጅማት ተጭኖታል። «መድኃኒት አለው» አለኝ። «ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳያቋርጡ። ከዋጡ እግርዎ የሚመለስ ይመስለኛል። ካቋረጡ ግን ላይመለስ ይችላል።»

ሐጂ ከእኔ በፊት «አልሐምዱሊላህ፣ ቀዳዳው ተገኘ» አለ። ሐኪሙ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም።

መድኃኒቱ በነጻ ነው፤ ይህንንም እወቁ። የሚሰጠው በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሲሆን፣ የዚያ ክፍል ነርስ ሲስተር ጫልቱ ትባላለች። መጀመሪያ ሁለት ወር በየጠዋቱ እሷ ፊት እየሄድኩ ነበር የምውጠው፣ በባዶ ሆዴ። በባጃጅ፣ ወገቤን በሰፊ መደገፊያ ታስሬ እደርሳለሁ። «አካም ቡልተን አባባ?» ትለኛለች፣ እንዴት አደሩ ማለቷ ነው። ውሃውን ቀድታ ትሰጠኛለች፣ ስውጥ ታያለች፣ ካርዴ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ከመጀመሪያው ቀን «ሽንትዎ ቀይ ይሆናል፣ ከመድኃኒቱ ነው፣ እንዳይደነግጡ» ብላ ነግራኝ ነበር። እኔ አልደነገጥኩም። ለዘነበች መንገር ግን ረሳሁ። ፖፖውን ልትደፋ ያነሣች ዕለት የጮኸችው ጩኸት ሦስት ጎረቤት አስመጣ። ሦስቱም ተሰብስበው ፖፖዬን አዩ። በሰባ አራት ዓመቴ ከዚያ በኋላ የምደብቀው ነገር ምን አለኝ?

ጎረቤት ቲቢ መሆኑን ሲሰማ ራቅ ማለቱ አልቀረም። ሳንባዬ ንጹሕ ስለሆነ ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ሲስተር ጫልቱ አስረድታናለች፤ ሰው ግን ሰው ነው። አንድ ቀን ሊጠይቁኝ የመጡ ሰዎች ብርጭቆዬን በዐይናቸው ሲለዩት ዘነበች አየች። ብርጭቆዬን አነሣችና የተረፈኝን ውሃ ጠጥታ ጨረሰችው፣ ከዚያ «እህ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ብላ ወሬውን ቀጠለች።

የሱቄ በርስ? በሬ ባዶ አልሆነም። ሐኪሙ ዕረፍት አዞልኝ ቤት መተኛት በጀመርኩ በሁለተኛው ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ሐጂ ነው።

«ዛሬ ምን ታዘዝክ?»

«ተው ሐጂ፣ ሱቁ ዝግ ነው።»

«የተዘጋው ሱቁ ነው፣ በሩማ አለ። ሾፌሮቹ እየቆሙ ይጠይቁኛል። ቶሎ በል፣ ጠመኔ ይዣለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ አንብቤ እነግረዋለሁ፣ እሱ የተዘጋው በሬ ላይ ይጽፈዋል። የሐጂ ጽሕፈት ከእኔ ይበልጣል፣ ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። ሾፌሮቹ በስልካቸው ፎቶ እያነሡ ለመቅደስ ይልኩላት ነበር። መቅደስ ሞጆ ውስጥ የጉምሩክ ጉዳይ በሚያስፈጽም ትራንዚተር ቢሮ ስለምትሠራ ግማሾቹን ታውቃቸዋለች። ማታ ደውላ «አባዬ፣ 'ቀስ በል' የሚለውን አይቶ አንዱ በሰባ ነዳሁ ብሎኛል» ትለኝና ስቃ ታስቀኛለች።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልምጣ።

በአራተኛው ወር ትኩሳቱ ጠፋ፣ ላቡ ጠፋ፣ ሱሪዬ ጠበበኝ። ያለ ምርኩዝ ከአልጋ እስከ በር እሄዳለሁ። መድኃኒቱንም ቤት ወስጄ እንድውጥ ተፈቅዶልኛል። በዚህ መካከል አንድ ጠዋት ንባቤ የሚደርሰው በውሃው ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ተኝቶ የኖረው በሽተኛ ዘንድ ሆነ። ጌታ መጣ፣ ልትድን ትወዳለህ ወይ አለው፣ ተነሥና አልጋህን ተሸክመህ ሂድ አለው። ጣቴ እዚያው መስመር ላይ ቆመ። ሶደሬ ትዝ አለኝ። ውሃው ዳር እኔም ነበርኩ። ይህ ቃል ለእኔ ነው አልኩ፣ እንባዬ ወረደ፣ መጽሐፉን ዘጋሁት።

ሐጂ ደወለ። «ዛሬ ምን ታዘዝክ?»

«'አልጋህን አንሣ' በል።»

«ይሄን በር ላይ ልጻፈው? አልጋ የምታከራይ ይመስላቸዋል እኮ።»

«ጻፈው» አልኩት። አልሳቅሁም።

ውሌን ታውቁታላችሁ፤ የተጻፈውን ያን ቀን እፈጽማለሁ። ዘነበች ገበያ ስትወጣ ተነሣሁ። ወገቤን ሳላስር ፍራሹን ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አደረግሁና ከክፍሉ ወጣሁ፣ ግቢውን አቋረጥኩ፣ አጥሩ ላይ አሰጣሁት። እውነት እላችኋለሁ፣ ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ «የዳነ ሰው ክኒን አይውጥም» አልኩ። መዋጥ ማለት ያነሣኝን አለማመን መሰለኝ። ክኒኖቹን ራስጌዬ ያለው ባዶ የጠመኔ ጣሳዬ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ዘነበች እንዳትጨነቅ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ፊቷ እጄን ወደ አፌ እወስድና ውሃ ብቻ እጠጣለሁ። ያን ሰሞን በር ላይ ያስጻፍኩት አንዱ «እውነት ተናገር» የሚል ነበር። እስካሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ፍራሹን የተሸከምኩ ማታ ወገቤ ነደደ። ቻልኩት። በአምስተኛው ቀን ላቡ ተመለሰ። «ፈተና ነው» አልኩ። በዘጠነኛው ቀን ከወንበር ስነሣ፣ ያ ሶደሬ ላይ የታጠፈው እግር እንደገና ታጠፈ፣ አሁን ግን ግራውም ተከተለው። መሬት ላይ ተቀመጥኩና ጣቶቼን አዘዝኳቸው። ትልቁ ጣቴ ብቻ ትንሽ ነቃ አለ።

ዘነበች እኔን ለመደገፍ ትራስ ስትፈልግ ጣሳው ተደፋ። ክኒኖቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። እሷም አንድ በአንድ እያነሣች ቆጠረች።

«አርባ ስድስት ዓመት ስትዋሽ አላየሁህም» አለችኝ። «ደግሞም አታውቅበትም። ውሃ ሲጠጣ ለምን ይስቃል ይህ ሽማግሌ እል ነበር።» ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። ግቢው ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት። ወድቄ ካመመኝ ሁሉ እሱ በለጠ።

ሁለት የባጃጅ ልጆች ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። ሲስተር ጫልቱ ካርዱን ዘርግታ ዘነበች ይዛ የመጣቻቸውን ክኒኖች ቆጠረች።

«ዘጠኝ ቀን፣ አባባ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ውሃው ዳር የተኛውን ሰው፣ አልጋውን፣ ፍራሹን። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ክኒኑን ቆጥራ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና ውሃ ቀዳች።

«መጀመሪያ ይዋጡ።» ዋጥኩ። «አሁን ይንገሩኝ። ሰውየው አልጋውን ተሸከመ። ከዚያስ?»

«ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... እስከዚያ ነው ያነበብኩት። ለዕለቱ ይበቃል ብዬ ዘጋሁት።»

«እንግዲህ ቤት ሲገቡ ይጨርሱትና ነገ ይንገሩኝ» አለችኝ። ወደ ዘነበች ዞራ ግን ፊቷ ተለወጠ። «እማማ፣ ተሕዋሲው መድኃኒቱን ተላምዶት ከሆነ ሌላ ረጅም መንገድ ነው። እግራቸውም... ሆስፒታል ልከን እናስመረምራለን፣ ውጤቱ እስኪመጣ እንጸልይ። ከእንግዲህ ግን እዚሁ፣ ፊቴ ነው የሚውጡት።»

ቤት ገብቼ መጽሐፉን ከፈትኩ። ጣቴን ካቆምኩበት መስመር አስጀመርኩ። ብዙም አልሄድኩም፤ ሰውየው ከተነሣ በኋላ ጌታ በቤተ መቅደስ እንደገና አገኘው። እነሆ ድነሃል፣ እንግዲህ ተጠንቀቅ፣ የባሰ እንዳይመጣብህ፣ ያለው ዓይነት ነው ነገሩ። ስለ ኃጢአት ነው የሚናገረው፣ አውቃለሁ፤ ዘጠኝ ቀን ሚስቴን ስዋሽ የቆየሁት እኔ ይህ አይመለከተኝም ልበል? መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ እንዳደረግሁ መሳቅም ማልቀስም አልሆነልኝም፣ በመካከሉ ያለውን አደረግሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ «ከመነዳሪውን ሙሉ ዙር አዙረው፣ መጀመሪያ ባገኘኸው አትቁም» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። የጌታን ቃል ግን ከግማሽ ዙር ከውሃ አወጣሁት።

በማግስቱ ሐጂ ሲደውል «'ጨርሰህ አንብብ' በል» አልኩት።

«ይሄ ለእኔም ነው» አለኝ። «የሱቄን የኪራይ ውል እስከ ዛሬ ጨርሼ አላነበብኩትም።»

ምርመራው እስኪመጣ የነበሩት ሳምንቶች ረጅም ነበሩ። በየጠዋቱ በባጃጅ እሄዳለሁ፣ እውጣለሁ፣ እመለሳለሁ። እምነትን በደንብ የተማርኩት ያን ጊዜ ይመስለኛል። ፊት እምነት ማለት ክኒኑን መተው መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ክኒኑን ውጬ እቀመጣለሁ። ውስጤ ምን እንደሚሠራ አላይም፣ እግሬ ዛሬም እንደ ትናንት ነው፣ ነገም እውጣለሁ። መዝሙርም የለበት፣ ፍራሽም የለበት። ጠዋት፣ ውሃ፣ ካርድ ላይ አንድ ምልክት። ንባቤም እንዲሁ ሆነ። ቁራጩ እስኪያልቅ አነባለሁ፣ ከዚያ አንድ መስመር እጨምራለሁ።

አንድ ጠዋት ዘነበች ካልሲ ስታለብሰኝ ቀኝ እግሬን ሳላስበው ሳብኩት።

«ተው አትሳብ» አለችኝ፣ ከዚያ እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። «ደግመህ ሳበው እስቲ።»

ሳብኩት። «ግራውንስ?» ግራውንም ሳብኩት፣ በትንሹ። እግሬን እቅፏ ውስጥ እንደያዘች ካልሲውን ረስታው ተቀመጠች። ያን ጠዋት ባጃጁ ውጭ ጥሩምባ ሲነፋ ቆየ።

ምርመራው መጣ። መድኃኒቱ አሁንም ይሠራል፤ ተሕዋሲው አልተላመደውም። ሲስተር ጫልቱ ወረቀቱን ይዛ እስከ ኮሪደሩ ወጣችና «ፈያ ነው አባባ፣ ፈያ» አለችኝ። ደኅና ነው ማለት ነው፣ ግን በኦሮምኛ ሲሉት ይበልጥ ደኅና ይመስላል። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላቋረጥኩም። በምርኩዝ፣ ከዚያ ግድግዳ ይዤ፣ ከዚያ የዘነበችን ክንድ ይዤ፣ ከዚያ እሷ ክንዴን ይዛ።

ዓመቱ ሞልቶ፣ ለዘጠኙ ቀን ቅጣት የሚሆን ተጨምሮበት፣ ሐኪሙ ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ አስመላልሶኝ «ጨርሰዋል» አለኝ። «ከባድ ነገር ግን ብቻዎን አያንሡ። ክሪክ የለም፣ ጎማ የለም።» ሲስተር ጫልቱ ካርዴን ዘጋችው። ምልክቶቹን ሳያቸው የበሬን ጠመኔ መሰሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት በእግሬ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ጠመኔውን አቀበለኝና ዘወር አለ፣ ዐይኑን ለመጥረግ መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱ አቧራው ነው ይላል፣ አዳማ ነውና አቧራ አይጠፋም። ጎማ አልፈታም ከእንግዲህ፤ ሥራውን ሌሎች ይሠሩታል፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ «ሙሉ ዙር አዙረው» እላለሁ። በሩ ላይ «ጨርሰህ አመስግን» ብዬ ጻፍኩ። ሾፌሮቹ ጥሩምባ እየነፉ አለፉ።

ከሰዓት ቤት ስመለስ ሐጂ ሸኘኝ። ዘነበች በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«ደኅና ገባችሁ። ዓመት ሙሉ የተኛህበት ፍራሽ ላብህን ጠጥቶ ጠጥቶ ይሸታል። ፀሐይ ላይ አውጣልኝ» አለችኝ። የምሯን ነው።

እኔና ሐጂ ተያየን። ገባን፣ ፍራሹን ጠቀለልነው።

«ያ የእናንተ ሰውዬ አልጋውን ብቻውን ነው የተሸከመው?» አለኝ።

«ብቻውን።»

«ወጣት ቢሆን ነው።»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛ ሰው ነው እንጂ።»

«እንግዲህ እሱ ጌታችሁ አጠገቡ ነበረ። ለአንተ እኔን ነው የላከልህ፣ ቻለው» አለና ጎንበስ ብሎ አንደኛውን ጫፍ ያዘ። «በል ያንን በኩል አንሣ። ቀስ።»

አነሣሁ።